እባቡን ያጎረሰ ሰው

«አንድ እባብ የሚያሳድግ ሰው ነበረ» አሉ አያ ጓንጉል።

ስንዱ ቀና ብላ አየቻቸው። የመጣችው ስለ እባብ ለመስማት አልነበረም። የመጣችው ስለ ልጇ ነበር። ልጇ ዘርፌ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከተማ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ስትማር ቆይታ ከሁለት ወር በፊት ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አትናገርም። ምን ሆነሽ ሲሏት «ምንም» ትላለች። ሰው ሲመጣ ተነሥታ ጓዳ ትገባለች። ስንዱ ለመነቻት፤ ተቆጣቻት፤ ጎረቤት ሰብስባ አስመከረቻት፤ አልሆነላትም። በመጨረሻ የራሷን ቁጡ ወንድም አስጠራች። ወንድሟ «ነገ ጠዋት መጥቼ እኔ በግድ አናግራታለሁ» ብሏል። ስንዱ ግን ሌሊቱን ልቧ እሺ ስላላላት፣ የአባቷ የልብ ወዳጅ ወደነበሩት ወደ አያ ጓንጉል መጣች።

«አያ፣ ልጄ ዘጋችኝ። አፏን የምትከፍተው ምን ባደርግ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አያ ጓንጉል በደጃቸው ተቀምጠው የንብ ቀፎ እየሠሩ ነበር። የያዙትን ሸንበቆ መሬት አስቀመጡና የእባቡን ነገር ጀመሩ።

«ኧረ እኔ ስለ ልጄ ነው የጠየቅሁዎት!» አለች ስንዱ።

«ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ገና አልደነቆረም። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። እሳቸውም እንዲህ ብለው ነገሯት።

ሰውየው በቆላ አገር የሚኖር ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጅ አልነበራቸውም። የሚዘራው ማሽላ ነው። በዚያ አገር ማሽላ ማብቀል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው አጭዶ ካስገቡት በኋላ ከአይጥ ማዳን ነው። አይጡ ጎተራውን ከሥር ይበሳል፤ እህሉን ይበላል፤ ያልበላውንም ያበላሻል። ገበሬው ድመት አመጣ። ድመቲቱ ሁለት ወር ከቆየች በኋላ ወተት ያለበት ቤት አግኝታ ሄደች። ወጥመድ አጠመደ። ወጥመዱ የራሱን ጣት ያዘው።

አንድ ቀን በማሳው ዳር የፈረሰ የድንጋይ ካብ ሲያድስ ከድንጋዮቹ ሥር አንድ ትንሽ እባብ አገኘ። ቡናማ ነው፤ ርዝመቱ ከስንዝር ብዙም አያልፍም። ሰውየው መርዛሙን እባብ መርዝ ከሌለው መለየት ከአባቱ ተምሯል። ይህ መርዝ የሌለው፣ አይጥ እየበላ የሚኖር ዓይነት ነበር። በያዘው ድንጋይ ሊጨፈልቀው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ትንሽነቱ አሳዘነው። በቅል አድርጎ ወደ ቤቱ ወሰደውና ጎተራው ሥር ለቀቀው።

ጎረቤቶቹ ሰምተው ሳቁበት።

«ሰው ውሻ ያሳድጋል። አንተ የሔዋንን ጠላት ታሳድጋለህ?» አሉት።

«ሔዋንን ያሳታት በበለስ ነው። እኔ ቤት ያለው ማሽላ ብቻ ነው» አላቸው።

እባቡ አደገ። ክንድ አከለ፤ ከዚያም ከክንድ በለጠ። ከጎተራው ሥር ይገባል፣ ይወጣል፤ አንዳንዴ ለሳምንት ለዐሥር ቀን ወደ ካቡ ሄዶ ይጠፋና ይመለሳል። ሰውየው «አደን ሄዶ ነው» ይላል እንጂ አይጨነቅም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከቤቱ አይጥ የሚባል ጠፋ። የሳቁበት ጎረቤቶች «ለአንድ ሳምንት አታውሰንም?» እያሉ ይለምኑት ጀመር።

ሰውየው ግን በዚያን ጊዜ ለአይጡ ሲል ብቻ የሚያኖረው አልነበረም። ወዶታል። ከእርሻ ሲመለስ «ዛሬ ፀሐዩ ፈጀን እኮ» እያለ ያወራዋል። እባቡ አይመልስም፤ ነገር ግን በሰውየው ድምፅ አይሸሽም። ለብቻው ለሚኖር ሰው ይህም ብዙ ነው።

አንድ ቀን አሞራ እባቡን ከደጅ ሊነጥቀው ወረደና ለጥቂት ሳተው። ሰውየው ደነገጠ። በዚያው ቀን ሰፊ ቅርጫት ሠርቶ፣ ክዳን አበጅቶ፣ ገለባ ጎዝጉዞ እባቡን ከውስጡ አስገባውና ከመኝታው አጠገብ አኖረው። ከእንግዲህ አያድንም፤ ምግቡን ሰውየው ያቀርብለታል። በስምንት በዐሥር ቀን አንዲት አይጥ ከጎረቤት ወጥመድ ለምኖ ያመጣል፤ በጅራቷ ይዞ ያቀርባል፤ እባቡም ቀስ ብሎ ከእጁ ይወስዳል። የመንደሩ ሰው ይህን ለማየት ይሰበሰብ ነበር።

በዚህ ዓይነት አንድ ወር ያህል እንደ ቆዩ እባቡ መብላት አቆመ።

ሰውየው አይጥ አቀረበለት፤ እባቡ ራሱን ወደ ቅርጫቱ ግድግዳ አዞረ። «ጠግቦ ይሆናል» አለ። በሦስተኛው ቀን አቀረበለት፤ አሁንም ዞረ። ሳምንት አለፈ። የእባቡ ቆዳ ወዙን አጥቶ አመድ የነሰነሱበት መሰለ። ከዚያ ደግሞ ዓይኖቹ ደፈረሱ። በየዓይኑ አንዳንድ ጠብታ ወተት የጨመሩበት ይመስል ነበር።

ሰውየው ፈራ። ሚስቱም ከመሞቷ በፊት እህል እምቢ ብላ ነበር።

አንዲት ጎረቤቱ የሆነች ባልቴት መጥታ ቅርጫቱን ከፍታ አየችና አናቷን ያዘች።

«ዓይን ነው! ዓይን በልቶት ነው! ለመሆኑ ሲበላ ማን አየው?» አለች።

«ሰው ሁሉ ነዋ ያየው። አንቺም ጭምር።»

«የእኔ ዓይን እንኳ ደግ ነው። የሌሎቹን ጠይቅ!»

ባልቴቷ እንዳዘዘችው በቅርጫቱ ላይ ነጠላ ሸፈነበት። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በእጁ አሽቶ በፍም ላይ አጨሰ። ጭሱ ቅርጫቱን ሲሞላው እባቡ ራሱን ገለባው ሥር ቀበረ። ሰውየው ይህን ሲያይ «እየተሻለው ነው» አለ። በማግሥቱም አልበላም። ሰውየው ግን ማጨሱን በየቀኑ ቀጠለ።

ሌላው ጎረቤት «ብርድ ነው» አለው። ፀሐይ ላይ አወጣው። አንዱ ደግሞ «ሙቀት ነው» አለው። ጥላ ውስጥ አገባው። ሦስተኛው «አይጡ አስጠልቶት ይሆናል፤ እንቁላል ስጠው» አለ። እንቁላልም ሰጠው። በቀን አራት አምስት ጊዜ ክዳኑን ያነሣል፤ ያወጣዋል፤ ይዳብሰዋል፤ መልሶ ያገባዋል። እባቡ ግን እየባሰበት ሄደ። ክዳኑ ሲነሣ መጠቅለልና መንቀጥቀጥ አመጣ።

እንግዲህ ይህ ሰው ያደገው እንግዳ «አልበላም» ሲል «በሞቴ» በሚባልበት ቤት ነው። እናቱ የታመመም፣ ያኮረፈም፣ ያዘነም ሰው ሲመጣ በአፉ ጉርሻ ታስገባ ነበር። አንድ ጉርሻ ያጣላል እያለች ሁለተኛውን ታስከትላለች። ሰው ሁሉ በመጨረሻ ያኝካል። ሰውየውም አሰበና «ለካ እኔ አቀረብሁለት እንጂ አላጎረስሁትም» አለ።

ስንዱ እዚህ ላይ ሳታስበው ሳቀች።

«እባብ አጎረሰ?»

«አጎረሰ!» አሉ አያ ጓንጉል። «አንቺ ብትሆኚስ ምን ታደርጊ ነበር?»

ስንዱ ሳቋን ዋጠችው። አያ ጓንጉልም ቀጠሉ።

ሰውየው አይጧን ገፈፈ። ሥጋዋን በትንንሹ ከተፈ። እባቡን ከአንገቱ በታች ያዘና በቀጭን እንጨት አፉን ከፈተ። ከዚያ በሁለት ጣቱ ሥጋውን ገፋ አድርጎ አስገባለት።

«በሞቴ» አለው። «አፈር ስሆን። ይችን ብቻ።»

እባቡ ተፋው። ሰውየው እንደገና አጎረሰው። ያን ጊዜ ከጉሮሮው አልፎ ገባለት፤ ሰውየውም ተደሰተ፤ ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ ሥጋውን ከውሃ ጋር አስመለሰው። ሰውየው ዓይኑ እንባ ሞላ። «ከእኔ እጅ በልተህ አታውቅምን?» አለው። እንባውን በክንዱ ጠርጎ ለሦስተኛ ጊዜ አፉን ሊከፍት እጁን ሰደደ።

እባቡ ነከሰው።

ከስንዝር ጀምሮ ያሳደገው፣ አንድ ቀን አፉን አሹሎበት የማያውቅ እባብ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ነክሶ ያዘው። ሰውየው ጮኸ። ደሙ በገለባው ላይ ተንጠባጠበ። ጎረቤቶቹ ጩኸቱን ሰምተው ዱላ እየያዙ ገቡ።

«የእባብ ልጅ እባብ ነው አላልሁም?» አለ አንዱ።

«መርዝ የለውም፣ መርዝ የለውም ሲለን ነበር። ይኸው!» አለ ሌላው። «ፈቀቅ በል፤ በአንድ ምት እንገላግልህ።»

ዱላ የያዙት ሰዎች በቀኝ በኩል ቆመው ነበር። እባቡ ከእጁ ተላቅቆ ራሱን አነሣና ለመንከስ ተወረወረ። የተወረወረው ግን ወደ ግራ ነው፤ ማንም ወደሌለበት፤ ወደ ባዶው ግድግዳ። እንደገና ተወረወረ። አሁንም ግድግዳውን ነው። ዱላ የያዙት ሳቁ።

ሰውየው አልሳቀም። የእባቡን ዓይኖች አየ። ወተት የመሰሉት ዓይኖች ሰውንም ዱላንም ግድግዳንም አይለዩም። ከዚያ የገዛ እጁን ወደ አፍንጫው አቀረበ። እጁ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይሸታል። ያን ጊዜ ገባው። «ይህ እንስሳ አላወቀኝም» አለ በልቡ። «በዓይኑ አያየኝም፤ በጠረኔም አይለየኝም። ስንት ቀን ሙሉ በጨለማ ውስጥ የማያውቀው እጅ ሲያወጣው፣ ሲያገባው፣ አፉን ሲፈለቅቀው ኖሯል። እኔ እያባበልሁት መስሎኛል። እሱ የሚበሉት መስሎታል።»

ሰውየው ቅርጫቱን አቅፎ ተነሣ። ጎተራው ወዳለበት ጓዳ ወሰደው። ቅርጫቱን በጎኑ አጋድሞ ክዳኑን ከፈተ፤ እባቡ ከቅርጫቱ መውጣት ከፈለገ እንዲወጣ። በገል ውሃ አኖረ። ወጣ፤ የጓዳውን በር ዘጋ፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉት ጎረቤቶቹ።

«ምንም።»

«ይሞታል እኮ!»

«ሊሞት ይችላል» አላቸው። «በእኔ እጅ ግን አይሞትም። በእናንተም እጅ አይሞትም። ዱላችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ።»

እያጉረመረሙ ወጡ።

በሩ ላይ መቀመጥ ቀላል መስሎሽ ይሆናል። ሰውየው በዕድሜው እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ሲያርስ በሬው ይሄዳል፤ ሲያጭድ ክምሩ ያድጋል። እዚህ ግን የሚታይ ነገር የለም። በሁለተኛው ቀን አይጥ ይዞ በሩን ሊከፍት ሲል ስሕተቱ ታወቀው፤ ተመልሶ ጣላት። በሦስተኛው ቀን ከውስጥ ኮሽታ ሰማ። ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። እጆቹ አላስቀምጥ ስላሉት ቃጫ አምጥቶ ገመድ ይገምድ ጀመር።

ሙሉ በሙሉ ግን አልተወውም። በየጠዋቱ እጁን በአሸዋና በውሃ አሽቶ ታጥቦ ውሃውን ሊቀይር ይገባ ነበር። ከመግባቱ በፊት ወለሉን በተረከዙ መታ መታ ያደርጋል። እባብ በመሬቱ እንደሚሰማ ያውቃል። ውሃውን ይቀይርና ግራ ቀኝ ሳያይ ይወጣል።

ባልቴቷ በደጁ ባለፈች ቁጥር «ገና አልሞተም?» ትለዋለች።

«ገና አልገደልነውም» ይላታል።

በስድስተኛው ቀን ውሃ ሊቀይር ሲገባ፣ ከጎተራው ሥር ባሉት ሻካራ ድንጋዮች መካከል የእባቡን ገላ ተዘርግቶ አየው። ነጥቷል፤ ስስ ሆኗል፤ አይንቀሳቀስም። ገሉ ከሰውየው እጅ ወደቀ። ተንበርክኮ አነሣው። ክብደት የለውም። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን ያሳልፋል። ከራስ እስከ ጅራት ምንም ሳይጎድል ባዶ ቆዳ ነበር። የሁለቱ ዓይኖች ሽፋን ሳይቀር ከቆዳው ጋር ወጥቷል።

እባቡ ከጎተራው ጥግ ተጠቅልሎ ያየው ነበር። ቆዳው ቅባት የቀቡት ያህል ያበራል። ዓይኖቹ ጥቁርና ጥርት ያሉ ናቸው።

እባብ ቆዳውን እንደሚጥል ሰውየው ጠፍቶት አይደለም። የተጣለ ቆዳ በየካቡ ይገኛል። ከመጣሉ በፊት ግን እንደሚታወር፣ እንደሚጾም፣ ሰው እንዳይነካውም እንደሚፈልግ አይቶ አያውቅም፤ ይህ ሁሉ እባቡ ወደ ካቡ ሄዶ በሚጠፋባቸው ቀናት ሲያልፍ ኖሯል። ሰውየው ከደስታው ብዛት ሊያነሣው እጁን ዘረጋ። ከዚያ እጁን ሰበሰበ። ሄዶ አይጥ ለመነ፤ ወለሉ ላይ አኖረለት፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። በማግሥቱ ጠዋት አይጧ አልነበረችም።

አያ ጓንጉል ይህን ብለው ሸንበቆአቸውን አነሡ። ስንዱ መሬት መሬት ታይ ነበር።

«ቆዳዋን እየለወጠች ነው ማለትዎ ነው?»

«እሱን አላውቅም። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። እህል ትቀምሳለች? ልጅሽ እባብ አይደለችም። እባብ ወር ቢጾም አይጎዳም፤ እሷ እህል ውሃ እምቢ ካለች ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት እንጂ የእኔን ወሬ አትስሚ።»

«ትበላለች። እኛ ስንነሣላት ብቻዋን ትበላለች።»

«እንግዲያው ስሚኝ፤ ስንዱ። ሰውየው የተሳሳተው ፍቅር አጥቶ አይደለም። ፍቅሩን ሁሉ በእጁ ላይ ስላደረገው ነው። ልጅሽ ከተማ ምን እንዳገኛት አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ክፉ ነገር ይሆናል፤ ወይም እንዲሁ ማደግ ይሆናል፤ ምናልባት እሷም ገና ስም አላወጣችለትም። አሁን ግን ዓይኗ ደፍርሷል። አንቺ የእናት እጅ ነው የምትዘረጊላት፤ እሷ ግን የማን እጅ እንደሆነ አይታያትም። ‹ተናገሪ› ስትያት አፏን እየፈለቀቅሽባት ነው። የሰበሰብሽው ጎረቤት ደግሞ ጭሱ ነው። ነገ የሚመጣው ወንድምሽም ዱላውን ይዞ ነው የሚመጣው። ቢያናግራት እንኳ የምትሰጠው ቃል እባቡ መልሶ እንደ ተፋው ሥጋ ነው።»

የስንዱ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ትቻት ልቀመጥ ታዲያ? የእናት አንጀት ይህን ይችላል?»

«ትተሻት አይደለም። በሩ ላይ ተቀምጠሽ ነው። ሰውየው እኮ ወደ እርሻው አልሄደም። ውሃ ቀየረ፤ ዱላ ከለከለ፤ ሲገባ መምጣቱን አሳወቀ። ቤቷን ጸጥ አድርጊላት። የሚነቀንቃትን መልሺላት። አፏን የከፈተች ቀን መጀመሪያ የምታየው አንቺን ይሁን።»

«እስከ መቼ ነው አያ?»

«ሰውየውም አያውቅም ነበር። ቀኑን ቢያውቀውማ ማን አይጠብቅም!»

ስንዱ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ወንድሜስ? ነገ በጠዋት ከች ይላል።»

«ደጅ ላይ ተቀበዪው። ምሳውን አብዪና ወደ አገሩ ሸኚው። ማጉረስ ካማረሽ እሱን አጉርሺው።»

ስንዱ በእንባዋ መካከል ሳቀች። ልትሄድ ዞር አለችና እንደገና ተመለሰች።

«ዛሬ ስገባስ? ለእሷ ምን ልበላት?»

«እራት ቀርቧል በያት» አሉ አያ ጓንጉል። «ከዚያ ቁጭ ብለሽ አንቺ ብዪ።»